ሳይክሎን ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲጠጋ ድሬዳዋ ምን ትጠብቅ?

አረብ ባሕር ላይ ሳይክሎን ተነሣ የሚል ዜና በመጣ ቁጥር ድሬዳዋ ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ይናፈሳል። አንዱ «ባሕር የት፣ እኛ የት? ለጅቡቲ ይብላኝላት እንጂ እዚህ አይደርስም» ይላል። ሌላው በስልክ የተላከለትን ክብ የሳተላይት ምስል እያሳየ «ዛሬ ማታ ድሬ ይገባል» ይላል። የመጀመሪያው ሰውን ያዘናጋል። ሁለተኛው በከንቱ ያስደነግጣል። የተፈራው ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ፣ በሌላ ቀን እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲነገር የሚሰማ ጆሮ ይጠፋል።

ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። ድሬዳዋ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በቀጥታ መስመር ሲለካ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። በመኪና ለሚሄድ ሰው ሩቅ ነው። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚለካ ደመና ይዞ ለሚጓዝ አውሎ ግን ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ምን ይደርሳል፣ ምን አይደርስም፣ የሚደርሰውስ በየት በኩል ነው የሚለውን ለየብቻ ማየት ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ «በፈረንጆቹ» ካልተባለ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ራሱ ያደናግራል

በዜናውም በወሬውም ማዕበል፣ አውሎ ነፋስ፣ ሳይክሎን፣ ሱናሚ እየተባለ ሁሉም እንደ አንድ ነገር ይነገራል። አንድ አይደሉም። ሱናሚ ከነፋስ ጋር ምንም አያገናኘውም። የባሕር ወለል በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ የሚነሣ ሞገድ ነው። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ አቧራ አንሥቶ ቆርቆሮ የሚያንኳኳው ነፋስም ሳይክሎን አይደለም። የአካባቢ ነፋስ ነው፤ ይነሣል፣ ጥቂት ያስቸግራል፣ ይበርዳል።

ሳይክሎን ሞቃት ባሕር ላይ ተወልዶ በአንድ መሐል ዙሪያ የሚሽከረከር ግዙፍ የደመናና የነፋስ ክምችት ነው። አትላንቲክ ላይ ሀሪኬን፣ ምዕራብ ፓስፊክ ላይ ታይፉን ይሉታል። በሕንድ ውቅያኖስና በአረብ ባሕር ሳይክሎን ነው ስሙ። ነገሩ ያው ነው፤ የሚለየው የሰፈሩ አጠራር ነው።

በእኛ በኩል ያለውን ባሕር በዋናነት የሚከታተለው ኒው ዴልሂ ያለው የሕንድ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። ደረጃ የሚሰጠው በነፋሱ ፍጥነት ነው። በሰዓት ከ31 እስከ 49 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ «ዲፕሬሽን» ይባላል፤ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያለበት ዝናባማ ሽክርክሪት ማለት ነው። እስከ 61 ከደረሰ «ጥልቅ ዲፕሬሽን» ይሆናል። 62 ሲገባ ስም ይወጣለትና ሳይክሎን ይባላል። ከዚያ በላይ ብርቱ፣ በጣም ብርቱ እያለ ይቀጥላል። 221 ላይ ሲደርስ «ሱፐር ሳይክሎን» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ደረጃ የነፋስ እንጂ የዝናብ አይደለም። «ሳይክሎኑ ተዳክሞ ወደ ዲፕሬሽን ወርዷል» ሲባል ብዙ ሰው እፎይ ይላል። የወረደው ግን ነፋሱ ነው። የተሸከመው ውሃ አብሮት አለ። ከባሕር ርቆ፣ በተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ደግሞ ቁም ነገሩ ውሃው ነው።

ባሕሩ ጉልበት የሚሰጠው እንዴት ነው?

እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በውስጥ በኩል ያልበዋል። ከምጣዱ የተነሣው እንፋሎት ክዳኑን ሲነካ ጠብታ ይሆናል። እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ ይዞት የነበረውን ሙቀት ይለቃል። የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ቃጠሎ የሚብሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይክሎን የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ሙቀት ነው። የባሕሩ ገጽ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ፣ እርጥብ አየር ከላዩ ላይ ይነሣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱ ደመናና ዝናብ ይሆናል። የተለቀቀው ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ታች የአየር ግፊቱ ይወርዳል። ክፍተቱን ለመሙላት ከዙሪያው አየር ይሮጣል። የመሬት መሽከርከር ደግሞ ሩጫውን ያጥፈዋል። ባሕሩ ሙቅ እስከሆነ ድረስ ዑደቱ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል።

የሚገድለውም ግልጽ ነው። መሬት ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ምጣድ ይነሣበታል። ደረቅ አየር ከገባበት እንፋሎቱ ያልቃል። ታችና ላይ ያለው ነፋስ በተለያየ አቅጣጫና ፍጥነት ከነፈሰ ደግሞ ሽክርክሪቱ ይበጣጠሳል።

ወቅት ያለውም ለዚህ ነው። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ አረብ ባሕር ላይ የሚነሣውን ሽክርክሪት ይገነጣጥለዋል። ከሶማሊያ ዳርቻም ቀዝቃዛ ውሃ ከሥር ወደ ላይ ያወጣል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ በዚያ በኩል ሳይክሎን ብርቅ ነው። የሚበዛው ከክረምቱ በፊትና በኋላ ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ ከዚያም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ይህን አቆጣጠር እንያዘው፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ሳጋር በጠባቡ ባሕር

«ሳይክሎን ወደኛ አይመጣም» ለሚለው ትልቁ መልስ ሳጋር ነው። በግንቦት 2010 እዚያው ኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ተወለደ። ባሕረ ሰላጤው ጠባብ ነው። በስተ ሰሜን የየመን በረሃ፣ በስተ ደቡብ የሶማሌ በረሃ አለ። ሁለቱም ደረቅ አየር ያመጡበታል። እንዲህ ባለ ቦታ አውሎ ብዙ አይቆይም ተብሎ ይታሰባል። ሳጋር ግን ወደ ምዕራብ እየገፋ ሄደና ግንቦት 11 ከጅቡቲ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ አውዳል በሚባለው የሶማሌላንድ ክፍል መሬት ወጣ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ መዝገብ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ መሬት የመታ ሳይክሎን አልነበረም።

በነፋሱ ቢመዘን ሳጋር ኃያል አልነበረም። በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከደረጃዎቹ ዝቅተኛው የሳይክሎን ደረጃ ላይ ማለት ነው። ያደረሰው ጉዳት ግን ከነፋሱ ጋር አይመጣጠንም። ሶማሌላንድ ውስጥ በደርዘኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ እንስሳት አለቁ። ጅቡቲ ከተማ ላይ 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ወረደ፤ ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው አብዛኛውን በአንድ ጊዜ አገኘች ማለት ነው። የዝናቡ ጅራት ድንበር ተሻግሮ ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ያለውን የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን በጎርፍ መታ።

የእንስሳቱ ነገር ከባሕር ዳር ለራቀ አንባቢ ግር ሊል ይችላል። አካባቢው ድርቅ ላይ ነበር። ዝናብ ሲለመን የከረመበት አገር ነው። በረሃብ የከሳ ፍየል ግን ሌሊቱን ሙሉ በቀዝቃዛ ዝናብና በነፋስ ሲመታ አይቋቋምም። ዝናቡ መጣ፤ የሚጠጣው ከብት ግን አልቆ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጋቲ መጣ። ኅዳር 13 ቀን 2013 ራስ ሐፉን አጠገብ የፑንትላንድን ዳርቻ መታ። ሶማሊያን ከመቱት መካከል በመዝገብ ከታወቁት ሁሉ ኃይለኛው እሱ ነው። በዚያ ደረቅ አገር የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በሁለት ቀን ገደማ ጣለ።

ባሕር ዳር ላይ የሚደርሰው

ዳርቻ ላይ ላሉት ለበርበራ፣ ለዘይላ፣ ለጅቡቲ የሚያሰጋው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ነው። ነፋሱ ጣሪያ ይነቅላል፣ ጀልባ ይገለብጣል። ነፋሱ የሚገፋው የባሕር ውሃ ደግሞ ከተለመደው ከፍታ በላይ ተነሥቶ ወደ መሬት ይገባል። ይህን «የባሕር ሙላት» እንበለው። ሞገድ አይደለም፤ ባሕሩ ራሱ ከፍ ማለቱ ነው፣ ሞገዱ የሚመጣው በላዩ ላይ ነው። ሦስተኛው ዝናቡ ነው። ዘንባባ እንኳ የሚጠማበት ደረቅ ሜዳ ውሃ ቶሎ አይጠጣም። ጅቡቲ ከተማን የሚያቋርጠው የአምቡሊ ወንዝ ድሬን እንደሚያቋርጠው እንደ ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ይከርምና ባንድ ሌሊት ይሞላል። ጎርፉና የባሕር ሙላቱ ከገጠሙ ውሃው መውጫ ያጣል።

ከእነዚህ ውስጥ የባሕር ሙላቱ ድሬን በምንም መንገድ አይነካም። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ነፋሱም ቢሆን መሬት ላይ 260 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ተራራ ወጥቶ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። «ሳይክሎኑ ድሬን ያፈርሳታል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የቀረው ውሃው ነው።

ውሃው የሚመጣው ከጀርባ ነው

የድሬ ሰው ስለ ሳይክሎን ሲሰማ ዓይኑን ወደ ሽንሌ፣ ወደ ጅቡቲ በኩል ያዞራል። ዜናው የሚመጣው ከዚያ ነውና። ጎርፉ ግን በዚያ በኩል አይመጣም። የሚመጣው በተቃራኒው፣ ከደቡብ፣ ደንገጎ ካለበት ተራራ በኩል ነው። ከተማዋን ካለፈ በኋላ ወደ ሰሜን ወደ ሜዳው ይፈስሳል፤ ብዙው አሸዋ ውስጥ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም።

ከባሕር የመጣ እርጥብ አየር ሜዳው ላይ ብዙ ሳያዘንብ ሊያልፍ ይችላል። ከተራራው ጋር ሲላተም ግን ወደ ላይ ከመውጣት በቀር መንገድ የለውም። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ያዘለውን ይጥላል። አክንባሎው እዚህ ላይ ራሱ ተራራው ነው። ከድሬ ተነሥቶ ደንገጎ ለመድረስ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን ከ1,200 ሜትር ተነሥቶ ከ2,000 በላይ ይደርሳል። በአጭር ርቀት ይህን ያህል መውጣት ማለት፣ ውሃው ሲመለስ በዚያው ፍጥነት ይወርዳል ማለት ነው።

ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው ወንዝ ነው ቢሉት ይገረማል። ሰፊ አሸዋ ነው። ከመጋላ ወደ ከዚራ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ጫማውን አውልቆ ያራግፋል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አህያና ግመል ይነዳበታል። ሸራ ተወጥሮ ልብስና ጫማ ይሸጥበታል። ለወራት እንዲህ ስለሚቆይ ዓይን ይለምደዋል። ሰው መንገድና ገበያ አድርጎ ያስበዋል። ያ ሁሉ አሸዋ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያመጣው ጎርፍ ነው። የአሸዋው ስፋት ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ይናገራል።

ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። ከላይ ባለው ተፋሰስ ላይ፣ ማለትም ውሃው ወደ አንድ ወንዝ በሚሰበሰብበት መሬት ላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ቦታ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ እንበል። 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ግማሹን መሬት ጠጣው ብንል 2.5 ሚሊዮን ይቀራል። 10,000 ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ ድሬ ሰፈር ውስጥ ሲገባ ሁሉም ያውቀዋል። ያ ውሃ 250,000 ቦቴ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ መስመር ይወርዳል።

መሬቱ ግማሹን መጠጣቱም አያስተማምንም። ተዳፋት ነው፣ አፈሩ ስስ ነው፣ ብዙ ቦታ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። ዛፉ ከተመነጠረ ቆይቷል። ደርቆ የከረመ መሬት የመጀመሪያውን ኃይለኛ ዝናብ እንደ ሲሚንቶ ይመልሰዋል። ርሶ የከረመ መሬት ደግሞ ሞልቷልና ተጨማሪ አይቀበልም። የበልግ ዝናብ ከዘነበ በኋላ በግንቦት የሚመጣ የሳይክሎን ርዝራዥ አስጊ የሚሆነው በዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ጎርፍ «ደራሽ» እንለዋለን። ስሙ በትክክል ይገልጸዋል። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ላይ ኮከብ እየታየ ውሃው ሊደርስ ይችላል። ከሚታየው በፊት የሚሰማው ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ ሲንከባለል የሚያሰማው ድምፅ ከሩቅ መኪና የሚመጣ ያስመስላል። ያን ድምፅ የሰማ ሰው የቀረው ጊዜ ደቂቃ ነው።

ሐምሌ 1998 ሳይክሎን አልነበረም

በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ሌሊት ነበር፤ ሰው ተኝቶ ነበር። ዋናው ዝናብ የወረደው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ከወንዙ ዳርና ከወንዙ ውስጥ የነበሩ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተጠረጉ። ድሬ ላይ ያ ሌሊት ዛሬም የሚቆጠርበት ዘመን ነው፤ «ከጎርፉ በፊት»፣ «ከጎርፉ በኋላ» ይባላል።

ስለ ሳይክሎን ሲወራ ይህ ጎርፍ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ስህተት ነው። ያ ዝናብ የክረምት ዝናብ ነው። ከላይ እንዳልነው በሐምሌ በአረብ ባሕር በኩል ሳይክሎን ብርቅ ነው። ልዩነቱ ለትምህርት ቤት ፈተና አይደለም የሚያስፈልገው። ሰው ጎርፍን ከሳይክሎን ዜና ጋር ብቻ ካያያዘ፣ ዜናው በሌለበት በሐምሌና በነሐሴ ይዘናጋል። ድሬን እስከ ዛሬ ከሁሉ የበለጠ የገደላት ደግሞ ዜና ያልቀደመው ውሃ ነው። በግልባጩ፣ ክረምት ሲወጣ «አበቃ» ብሎ ሸራውን አሸዋው ላይ የሚመልስ ነጋዴ ጥቅምትና ኅዳርን አላሰበም።

ሌላም ብዙ የማይነገር ነገር አለ። ሳይክሎን ሁልጊዜ ዝናብ አያመጣም፤ ሊነጥቅም ይችላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ አቅጣጫ ሳይክሎን ሲበዛ እርጥበቱን ወደዚያ ይስበዋል። የእኛ በልግ በዚያ ዓመት የመሳሳት ዝንባሌ እንዳለው ተመራማሪዎች አይተዋል። ስለዚህ «የሆነ ቦታ ሳይክሎን አለ» የሚለው ዜና ብቻውን ለድሬ ገበሬ ምንም አይነግረውም። የት ነው? ወዴት ይጓዛል? ወሩ ማን ነው? እነዚህ ካልተመለሱ ምስሉ ክብ ደመና ብቻ ነው።

ከውሃው በኋላ የሚመጣው

አገሪቱ ከምታስገባውና ከምታስወጣው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ያልፋል። አውሎ ሲቀርብ መርከብ ወደብ ላይ አይቆምም፤ ክሬን ይታሰራል፣ ማራገፍ ይቆማል። ነፋሱ ካለፈም በኋላ ጎርፍ የቆረጠው የመኪና መንገድና የባቡር ሐዲድ ጥገና ይጠብቃል። ጥቂት ቀን ነው ቢባልም ነዳጅ ማደያ ላይ ሰልፍ ለመሰለፍ ጥቂት ቀን በቂ ነው። የባጃጅ ታሪፍ ይጨምራል፣ ከዚያ ቲማቲሙም ይጨምራል።

ትንኝ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ድሬ ሞቃት ናት፤ ውሃ በበርሜልና በሮቶ ይጠራቀማል። ደንጌ የተባለው ትንኝ ወለድ ትኩሳት በ2006 መጀመሪያ ላይ ከተማዋን አስጨንቋል። በ2011 ክረምት ላይ ችኩንጉንያ የተባለው ሌላው ትንኝ ወለድ ትኩሳት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ አውሏል። በ2014 ደግሞ ከተማ ውስጥ ባለ የተጠራቀመ ውሃ የምትራባ አዲስ መጤ የወባ ትንኝ ወረርሽኝ አስነሥታለች። እነዚህን ሳይክሎን አመጣቸው ማለት አይደለም። ነገር ግን ማንኛውም ያለ ወቅቱ የመጣ ከባድ ዝናብ፣ ኩሬና ክፍት በርሜል ጥሎ ካለፈ፣ ከሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያዎች ላይ መታየቱ አይቀርም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን አንበጣው ነው። በ2010 ግንቦት መኩኑ፣ በ2011 ጥቅምት ሉባን የሚባሉ ሁለት ሳይክሎኖች በኦማንና በየመን በኩል ገብተው ሰው በማይኖርበት የአረቢያ በረሃ ላይ ሐይቅ የሚያህል ውሃ ጣሉ። አሸዋው ለመለመ። የበረሃ አንበጣ እዚያ ማንም ሳያየው ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን፣ ከየመን ባሕሩን ተሻግሮ ወደ አፍሪካ ቀንድ ገባ። በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ ውስጥ ገባ። መስታወቱ ተሸፍኖ ድሬ ማረፍ ስላልቻለ አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ። ኦማን ላይ የወረደ ዝናብ ከዓመት ከምናምን በኋላ ድሬ አየር ማረፊያ በላይ ደረሰ። የሐረርጌ ገበሬም ማሽላውን ሊያድን ጣሳ ሲደበድብ ከረመ።

እየበዙ ነው ወይ?

አንዱ ወገን «የአየር ንብረት ለውጥ ነው፤ ከእንግዲህ በየዓመቱ ነው» ይላል። ምክንያት አለው። አረብ ባሕር እየሞቀ ነው። በአማካይ በዓመት አንድ ሳይክሎን ገደማ ይታይበት የነበረው ባሕር በፈረንጆቹ 2019 ብቻ አምስት አስተናግዷል። በጥቅምት 2008 መጨረሻ ቻፓላና መግ በአንድ ሳምንት ልዩነት የመንን መትተዋል። በዚያ ላይ አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ቁጥራቸው ባይጨምር እንኳ አንዱ የሚጥለው ዝናብ ይጨምራል።

ሌላው ወገን ቀስ እንበል ይላል። ሳተላይት ከመምጣቱ በፊት ባሕር ላይ ተነሥተው ባሕር ላይ የሞቱትን ማን ቆጠራቸው? መዝገቡ አጭር ነው። ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ የራሱ መወዛወዝ አለው። በአንዳንድ ዓመት ምዕራቡ በኩል ከምሥራቁ ይልቅ ይሞቃል፤ ይህን «የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል» ይሉታል። የፈረንጆቹ 2019 ዳይፖሉ እጅግ የበረታበት ነበር። ያኔ ምሥራቅ አፍሪካ ያለ ሳይክሎንም ጭምር በዝናብ ተጥለቅልቃለች።

ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ አይመስለኝም። ዳይፖሉ የዓመቱን ዕጣ ያወጣል፤ ሙቀቱ ዕጣውን ያከብደዋል። ለድሬ ማዘጋጃ ቤት ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም። ደቻቱ ሳይክሎን በሌለበት ዘመንም ሞልቷል።

ግንቡ፣ ተራራው፣ ሌሊቱ

ከ1998 ወዲህ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ይጠቅማል። መካከለኛ ጎርፍን ይመልሳል። በግንቡ የሚተማመነው ወገን ይህን ይዞ ይከራከራል። ችግሩ ግንብ የሚሠራው ለተገመተ ከፍታ ነው። ወንዙ በየዓመቱ አሸዋና ድንጋይ እየጫነ ወለሉን ከፍ ያደርጋል። ወለሉ ከፍ ሲል ግንቡ ያጥራል፤ ማንም ሳይነካው። ከጀርባው ያለው ሰው ግን ግንብ አለ ብሎ ይጠጋል፣ ቤት ይጨምራል።

ሁለተኛው ወገን ሥራው ከላይ ነው ይላል፤ እርከን፣ ዛፍ፣ ውሃ መያዣ ጉድጓድ። እኔም ከዚህ ወገን ጋር ነኝ። ከላይ የተያዘ ውሃ ጎርፍ አለመሆኑ ብቻ አይደለም ጥቅሙ። የከርሰ ምድር ውሃ ይሆናል፤ ድሬ ደግሞ የምትጠጣው ከርሰ ምድር ነው። ግን የዓመታት ሥራ ነው። በዚያ ላይ ተፋሰሱ በአንድ አስተዳደር ሥር አይደለም። ዝናቡ የሚወርደው አብዛኛው ኦሮሚያ ውስጥ፣ ጎርፉ የሚገባው ድሬ፣ የሚያልቀው ሶማሌ ክልል ነው። ላይ ላለው ገበሬ እርከን እንዲሠራ ሲነገረው ጥቅሙን የሚያገኘው ታች ያለው ከተማ ነው። ይህ ካልተነጋገሩበት አይፈታም።

ስለዚህ ለመጪው ወቅት በእጅ ያለው ማስጠንቀቂያ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ከቀናት በፊት ትንበያ ያወጣሉ። በካርታው ላይ ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄድ መንገድ ይታያል። ያ ስፋት የአውሎው ትልቅነት አይደለም። መሐሉ በዚያ ውስጥ የት ሊሆን እንደሚችል ነው የሚያሳየው። ዝናቡ ከዚያ መስመር ውጭም ይወርዳል። ድሬ ከመስመሩ ውጭ ናት ማለት ድሬ ደረቅ ትሆናለች ማለት አይደለም።

ትንበያው ግን ደንገጎ ላይ ዛሬ ሌሊት በስንት ሰዓት እንደሚዘንብ አይናገርም። ያን የሚያውቀው እዚያው ያለ ሰው ነው። ዝናቡ ላይ ከበረታበት ጊዜ አንሥቶ ውሃው ከተማ እስኪገባ ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል። ቀን ከሆነ ገበያተኛው አይቶ ይነሣል፣ ሸራውን ይሰበስባል፣ ድልድይ ላይ የቆመው ሰው ይጮኻል። ሌሊት ከሆነ ሁሉም ነገር በአንድ ስልክ ላይ ይወድቃል። ላይ ያለው ሰው የሚደውልለት ቁጥር ማን ጋ ነው ያለው? ያ ሰው ስልኩን ሳይዘጋ ነው የሚያድረው? ከእሱ ቀጥሎ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ የሚከፍተው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚመታው፣ በአሸዋው ዳር ዳር ክላክስ እያሰማ የሚነዳው የባጃጅ ሹፌር ማን እንደሆነ በየቀበሌው በስም መታወቅ አለበት፤ ከሚያዝያ በፊት፣ እንደገናም ከሐምሌ በፊት፣ ከዚያም ከጥቅምት በፊት።